ስሕተቱ የጠራዧ ነው
የእትዬ ልቅም የሕይወት ታሪክ፣ በባለቤታቸው ታናሽ እህት የተጻፈ

እትዬ ልቅም ከሣጥን ሠሪ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በሚያዝያ ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንደኛው ቤተሰቡ ይኖርበታል፣ በሌላኛው ሣጥን ይሠራበታል። ሥራ የበዛ ሰሞን ግን ሣጥኑ ወደ መኖሪያው ስለሚያልፍ ልጆቹ የሚተኙት እዚያው ሣጥን ውስጥ ነበር። እትዬ ልቅም ይህንን ሲያወሩ «ለኔ ሣጥን ብርቄ አይደለም፤ ቀኔ ሲደርስ እንዳትጨነቁልኝ» ይሉ ነበር።

«ልቅም» የመዝገብ ስማቸው አይደለም። በሥራ ቦታ «ልቅም አርገሽ እጠፊው፣ ልቅም አርገህ ቁረጠው» ከማለት ብዛት የወጣላቸው ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ዘመዱም ጎረቤቱም ሌላውን ስም ረሳው። ጸሐፊዋም በዚሁ ስም የጻፈችው እሳቸው ራሳቸው «በዚያኛው ከጻፍሽው ማን እንደሞተ ማን ያውቃል?» ስላሏት ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሂሳብ ጎበዝ፣ በመዝሙር ደካማ ነበሩ። አባታቸው ሁለት ጣታቸውን በመጋዝ ሲያጡ በመስከረም 1960 ዓ.ም. ትምህርቱን አቋርጠው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ማተሚያ ቤት ገቡ። ሙጫ አፈላልን ከአባታቸው ቤት ስላወቁት ወዲያው ጥረዛ ክፍል ተመደቡ፤ ከዚያ ክፍልም እስከ ጡረታቸው አልወጡም።

ጥረዛ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለው። የታተሙት ወረቀቶች በገጽ በገጻቸው ተከምረው ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ጠራዧ ጠረጴዛውን እየዞሩ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሣሉ፣ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ይሰፋሉ። እትዬ ልቅም ከመስፋታቸው በፊት ሦስት ጊዜ በአውራ ጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነው፤ «የጎደለ ገጽ አይጮህም። ስለዚህ አንተ ካላየኸው ማንም አያይልህም።»

በ1967 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤቱ የወረቀት መኪና ሾፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። እኚህ ሾፌር የጸሐፊዋ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወረቀቱን በአንድ ሰዓት አውርደው ለመሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸው ስለነበር ነገሩን ከሁለቱ በፊት የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ያውቀው ነበር ይባላል። በትዳራቸውም በ1969 አንድ ወንድ ልጅ፣ በ1973 እና በ1978 ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ቤታቸው ሳቅ የማይጠፋበት፣ በሩ የማይቆለፍ ቤት ነበር። ጸሐፊዋ መምህርት ስትሆን፣ የተማሪዎቿን ደብተር የምታርመው ራሷ ቤት ሳይሆን እዚያ ጫጫታ ውስጥ ነበር።

በየካቲት 1990 ዓ.ም. አባት፣ የሃያ አንድ ዓመቱ ወንድ ልጅና የአሥራ ሰባት ዓመቷ መካከለኛ ልጅ ከዘመድ ጥየቃ ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠ። ይነዳ የነበረው ልጁ ነው። አባትና ሴት ልጅ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ፤ ልጁ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ተረፈ። የትራፊክ ምርመራው አደጋው የፊት ጎማ በመፈንዳቱ የደረሰ ነው፣ አሽከርካሪው ጥፋት የለበትም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ቤተሰቡ ግን የራሱን ምርመራ ያካሂድ ነበር፤ የቤተሰብ ምርመራ ደግሞ ፋይል ስለሌለው አይዘጋም።

በቤተሰቡ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሲኖር የሚጠሩት ጸሐፊዋን ስለሆነ፣ የሁለቱን ሟቾች የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ ወረቀትና ብዕር ሰጧት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ብዕርም መሰጠት አልነበረበትም። በሦስተኛው ገጽ ላይ «ሟች ባለትዳርና የሁለት ሴት ልጆች አባት ነበሩ» ብላ ጻፈች። ከሐዘን ብዛት ረስታው ነው እንዳይባል፣ አልረሳችውም። መጀመሪያ ወንድ ልጁን ጽፋ ነበር፤ ከዚያ ሰረዘችው።

ማተሚያ ቤቱ ሦስት መቶ ቅጂ አተመ። እትዬ ልቅም የባላቸውንና የልጃቸውን ወረቀት ሌላ ሰው እንዲያጥፈው አልፈቀዱም፤ በቀብሩ ዕለት ማለዳ ጥረዛ ክፍል ገብተው ሦስት መቶውንም በእጃቸው አጠፉ። የኅትመት ክፍል ኃላፊው ሦስተኛውን ገጽ እያሳዩ «እትዬ፣ እዚህ ላይ ሰው አልጎደለም?» ብለው ጠየቋቸው። እትዬ ልቅም አነበቡት። «እንዳለ ይውጣ» አሉ።

ልጃቸው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቀብሩ መጣ። በር ላይ ወረቀት የሚያድሉት ዘመድ እንደማንኛውም ሰው አንድ ሰጡት። ቆሞ አነበበው፣ መልሶ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አፈሩ እስኪመለስ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ። እናቱ ሲሄድ አይተውታል፤ አልጠሩትም። ይህንን ኋላ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል፤ «ያን ሳምንት ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እሱን ሳይ መሪው ነበር የሚታየኝ» ብለዋል።

በዘጠነኛው ቀን ሥራ ገቡ። አላለቀሱም፣ ከሰውም አልተጣሉም። በዚያው ሳምንት ግን በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳቱ፤ አምስት መቶ የተማሪ ደብተር ሽፋኑን ዘቅዝቀው ጠረዙ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይነግሯቸው ሁሉንም ፈትተው ደግመው ጠረዙት። እሳቸው በማግስቱ ከጠርዙ አስተጣጠፍ የሌላ ሰው እጅ መሆኑን ለዩ። ማንንም አላመሰገኑም፤ ለክፍሉ በሙሉ ሻይ አዘዙ።

ቤት ውስጥ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ሁለት ሆነው ቀሩ። በዚያ ቤት ሦስት ስም አይነሣም ነበር፤ የሁለቱ ስለሞቱ፣ የአንዱ ስላልሞተ። ልጁ በሌላ ከተማ የውሃ ፓምፕ ጥገና ቤት መቀጠሩን የእትዬ ልቅም ወንድም፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆኑ፣ አይተው ነግረዋቸው ነበር። «ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ፤ «ይሠራል» ተባሉ፤ ከዚያ በላይ አልተወራም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1992 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ትንሿ ልጅ ስለ ቤተሰቧ አንድ ገጽ እንድትጽፍ ታዘዘች። ከመሳቢያ የቀብሩን ዕለት ወረቀት አውጥታ ቃል በቃል ገለበጠችው፤ «አባቴ ባለትዳርና የሁለት ሴት ልጆች አባት ነበሩ።» መምህሩ አሥር ከአሥር ሰጣት። እትዬ ልቅም ደብተሩን ሲያዩ «ወንድምሽስ?» አሏት። ልጅቷም «የተጻፈው እንደዚህ ነው፣ እማዬ። ያጠፍሽው አንቺ ነሽ» አለች። የተናገረችው በክፋት አልነበረም።

እትዬ ልቅም በማግስቱ ከመቁረጫ ማሽኑ ሥር ከተረፈ ወረቀት አንድ ጣት የማይሞላ ስፋት ያላቸው ሦስት መቶ ቁራጮች አዘጋጅተው እንዲታተምላቸው ለኅትመት ክፍል ኃላፊው ሰጡ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «እርማት። በገጽ ሦስት፣ በአሥራ አራተኛው መስመር 'የሁለት ሴት ልጆች አባት' የሚለው 'የአንድ ወንድና የሁለት ሴት ልጆች አባት' ተብሎ ይነበብ። ስሕተቱ የጠራዧ ነው።» ኃላፊው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብበው አተሙላቸው።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ እሑድ እሑድ እትዬ ልቅምን ያየ ሰው ያስታውሳቸዋል። በአንድ እጃቸው የሙጫ ብልቃጥና ብሩሽ የያዘ ቦርሳ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው ከቤት ቤት ይሄዱ ነበር። በር ያንኳኳሉ፣ ጤና ይጠይቃሉ፣ «የዚያን ጊዜዋ ወረቀት አለች?» ይላሉ። ወረቀቷ ስትመጣ የተሳሳተውን መስመር አይሸፍኑትም፤ ከሥሩ ይለጥፉበታል። «ከሸፈንኩትማ ሌላ ውሸት ሆነ» ይሉ ነበር። አንድ ጎረቤት ወረቀቷን በነፋስ የሚንገጫገጭ መስኮት አስደግፈውባት ተገኙ፤ እትዬ ልቅም መስኮቱን በሌላ ካርቶን ደግፈው ወረቀቷን ለጥፈው መለሱ። ጫማ ሰፊው ደግሞ የጫማ ልክ ቆርጠውባታል፤ ደግነቱ ሦስተኛው ገጽ ተርፎ ነበር።

ሐዘን አናታቸው ላይ ወጣ ያለ አልጠፋም። ውሃ መውቀጥ ነው ያለም ነበር። አንድ ዘመድ «ለሞቱት ምን ይጠቅማቸዋል?» ሲሏቸው «ለሞቱት ብዬ ሳይሆን ላልሞተው ነው» ብለው ብሩሻቸውን ጠረጉ። ወንድማቸውም «ልጁን ከፈለግሽው አውቶቡሴ ላይ ውጪ፣ እኔው አደርስሻለሁ» ብለዋቸው ነበር። እትዬ ልቅም አልተቀበሉም። «ወረቀቷ ሳትስተካከል በምን ፊቴ? መጀመሪያ ይቆጠር፣ ከዚያ ይጠራል» አሉ። ከሦስት መቶው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን አገኙ። ከተገኙት ሁሉ ያልተለጠፈባት አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷም የጸሐፊዋ ነበረች።

ጸሐፊዋ መጀመሪያ ሲመጡባት «እትዬ፣ የወንድሜን ወረቀት አያበላሹብኝ» ብላ ነበር። እትዬ ልቅም «እሺ» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ተመልሰው መጡ። ስለ ወረቀቷ አላነሡም፤ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዋጋ መወደድና ስለ ዝናብ አውርተው ሄዱ። እንዲህ እያሉ አሥራ ሰባት ጊዜ መጥተዋል። ጸሐፊዋ የሠራችውን ከመጀመሪያውም ታውቀዋለች፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ይዟት ነበር። የልጁን ስም ከጻፈች ወንድሟን ሁለተኛ የምትቀብር ይመስላትም ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው እሑድ እትዬ ልቅም ሳይመጡ ቀሩ። ሻዩ ተፈልቶ ቀዘቀዘ። ጸሐፊዋ መስኮቱ ጋ ተመላልሳ ስትደክም ቁም ሣጥኗን ከፍታ ወረቀቷን አወጣች፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ስታነባት የመጀመሪያዋ ነው። ጥሩ አማርኛ ነበር። አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም። ጃንጥላ ሳትይዝ በዝናቡ ወጣች፣ ወረቀቷን በጉያዋ ሸሽጋ።

እትዬ ልቅም የሳምባ ምች ይዟቸው ተኝተው ነበር። ወረቀቷን ሲያዩ ትራስ እንዲደረብላቸው ጠየቁ፣ መጋረጃው እንዲከፈት አዘዙ፣ እርማቱን ከመስመሩ ሥር ቀጥ አድርገው ለጠፉት። ጸሐፊዋ አለቀሰች። «እትዬ፣ የሰረዝኩት እኔ ሆኜ ሳለ ለምን የጠራዧ ነው ብለው አሳተሙ?» ብላም ጠየቀች። እሳቸውም «አንቺ ሐዘን ይዞሽ ነው የጻፍሽው። እኔ አይቼ ነው ያሳለፍኩት። ማየት ደግሞ ሥራዬ ነው» አሏት። ወረቀቷን ልታጥፍ ስትል «ቆይ፣ ሳይደርቅ አትዝጊው» ብለው ከለከሏት። ሁለቱም ሙጫው እስኪደርቅ ጠበቁ።

በዚያው ሳምንት ጸሐፊዋ አንድ ትርፍ የእርማት ቁራጭና ሙጫ ይዛ የሰባት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሄደች። ልጁን ያገኘችው የተፈታታ ፓምፕ አጠገብ ተንበርክኮ ነው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ በርጩማ አቀረበላት። ወረቀት እንደመጣለት ስትነግረው ከመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ሥር የራሱን ቅጂ አወጣ፤ የቀብሩ ዕለት እንዳጠፈው ነበር። ለጠፈችለት፤ ሙያዋ ስላልሆነ ጠመመባት። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «'የጠራዧ ነው' ይላል። እናቴ ናት እንዴ የጣለችኝ፣ አክስቴ?» አላት። «አይደለችም። ጽፌ የሰረዝኩህ እኔ ነኝ» አለችው። ልጁ ወረቀቱን ሳያጥፍ ሣጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋው። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» ብሎ ጠየቃት።

ወዲያው አልመጣም። በሦስተኛው ወር፣ በ1994 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ጥረዛ ክፍል በር ላይ ቆመ። እትዬ ልቅም ቀና ብለው አዩት፤ ሁለት እጃቸው እስከ አንጓቸው ሙጫ ነበር። «እጄ ሙጫ ነው፤ ቁጭ በል» አሉት። የተቀባ ሙጫ ስለማይጠብቅ የቀሯቸውን አሥራ አንድ መጻሕፍት ለብጠው ጨረሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ተያይዘው ስለወጡ ያየ የለም።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተቃና ብሎ መጻፍ ሌላ እርማት የሚያስፈልገው ስሕተት ይሆናል። እናትና ልጅ ሁለት ጊዜ ተኳርፈዋል፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፣ እስከ ዛሬም የሚሄደው በብስክሌት ነው። እትዬ ልቅም ለባላቸውና ለልጃቸው ማልቀስ የቻሉት ልጁ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሳህን እያጠቡ ጀመራቸውና ሁለት ሳምንት አለቀሱ። ልጆቻቸው ተራ እየገቡ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሦስቱም ስም ይነሣ ጀመር፣ ቀስ በቀስም በሳቅ።

እትዬ ልቅም እስከ ጡረታቸው ድረስ በማተሚያ ቤቱ አንድ ደንብ ተክለዋል። የሕይወት ታሪክ ሊያሳትም የመጣን ሐዘንተኛ «የቀረ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። እሳቸውም «ለማንኛውም ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ነው» ይላሉ፤ ማሽኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሞቀ ነው። ከአሥር ሰው ሦስቱ ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ተነሥቶ አንድ ስም ያስጨምራል፤ የተፈታች ሚስት፣ ከቤት ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የተኳረፈ ወንድም። ደንቡ ዛሬም ይሠራል፤ ይህንን ወረቀት ስናሳትም እኛም ተጠይቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጠናል።

በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከዚያ በኋላ የሰፈር ልጆችን የተቀዳደደ መጽሐፍ እየጠገኑ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እየቆጣጠሩና የጸሐፊዋን ሻይ ቀጭን ነው እያሉ ኖሩ። የመጀመሪያ እሑዳቸውን አንድም ወር አላጓደሉም፤ የሙጫውን ቦርሳ ብቻ ተዉት።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው መድከሙ ሲነገራቸው ጸሐፊዋን ጠርተው ይህንን ታሪክ እንድትጽፍ አዘዟት። «ረቂቁን ሳላየው ማሽን እንዳይገባ» ብለው ነበርና ከሞታቸው ወዲህ ከተጨመረው በቀር ሁሉንም አንብበውታል። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምረዋል፤ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን «ይሄ የሁሉም ሟች ነው» ብለው አስወጥተዋል። ስለ ስረዛው የተጻፈው እንዲቀር ጸሐፊዋ ብትለምናቸው «እንዳለ ይውጣ» አሏት፤ በዚህኛው ጊዜ ትክክል ነበሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ።

እትዬ ልቅም የአንድ ወንድና የሁለት ሴት ልጆች እናት ነበሩ። ከእነዚህ መካከለኛዋ ከአባቷ ጋር ቀድማቸዋለች። በሕይወት ያሉት የመጀመሪያ ልጃቸው የፓምፕ ጥገና ባለሙያው፣ ትንሿ ልጃቸው አዋላጅ ነርሷ፣ አንድ ምራት፣ አንድ አማች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ከእነርሱም አንዷ የሟች አክስቷን ስም የያዘች፣ ሁለት ወንድሞች፣ አንዲት እህት፣ እንዲሁም ይህንን የጻፈችው የባላቸው እህት ናቸው። የያዛችሁትን ሦስት መቶ ቅጂ ትናንት በጥረዛ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ያጠፈው ወንድ ልጃቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሯል።

አምላክ ነፍሳቸውን አንድም ሰው በማይዘለልበት መዝገብ ያስፍርልን፤ እኛንም የጎደለውን የምናይበት ዓይን ይስጠን።

ከላይ ከተዘረዘሩት የቀረ ሰው ካለ ስሕተቱ የጸሐፊዋ ነው። ሙጫውና ብሩሹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። ስማችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ሳይደርቅ ግን አትዝጉት።